ፊደል የሚያንቀጠቅጥ ትእዛዝ

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እዚህ ለንደን፣ ስቶክዌል አካባቢ በዚህ ስም የሚጠሩኝ ሰዎች ስላሉና አንዳቸው ይህን አንብበው ላፕቶፓቸውን ታቅፈው በሬን እንዳያንኳኩ ነው። ሥራዬ ዌምብሊ ስታዲየም ነው፤ ኳስ ባለ ቀን ቢጫ ሰደርያ ለብሼ ሰዉን "በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል" እላለሁ። የኮምፒውተር ሊቅነቴ የተወለደው የእድራችን ስብሰባ ላይ ነው። ፕሪንተሩ አልሠራ ብሎ ሰባት ሰው ከቦ ሲመክርበት እኔ ጎንበስ ብዬ ሶኬቱን ሰካሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ኮምፒውተር ስጠየቅ "አላውቅም" ማለት አቅቶኛል። ስም አንዴ ከወጣ ለማውረድ ሌላ ስብሰባ ያስፈልጋል።

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ጋሽ ገብረመድኅን ደውለው ቤታቸው ጠሩኝ። ጋሽ ገብረመድኅን አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ደብረ ብርሃን ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ሰማንያን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ከእኛ ቤት ሁለት ፌርማታ ርቆ ካለ የካውንስል ፍላት፣ ማለትም መንግሥት የሚያከራየው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሚታወቁት በእጅ ጽሕፈታቸው ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚህ ከተማ የተጋባ ሐበሻ ሁሉ የሠርግ ጥሪው በእሳቸው እጅ ነው የተጻፈው ብል ያጋነንኩት ትንሽ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን አይጠሩትም። ብዕር መያዝ እርግፍ አድርገው ትተዋል። ጂፒ፣ የሰፈር ሐኪማቸው ጋ፣ "እዚህ ይፈርሙ" ሲባሉ "መነጽሬን ረስቻለሁ" ይላሉ፤ መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ተቀምጦ።

ጉዳያቸው ይህ ነበር። ደብረ ብርሃን አብረዋቸው ያስተማሩ አቶ ይልማ የሚባሉ ጓደኛ አሏቸው። ጦርነት መጣ፣ አድራሻ ተቀያየረ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ተጠፋፉ። በቅርቡ የአቶ ይልማ ልጅ በሰው በሰው ብሎ የጋሽ ገብረመድኅንን ስልክ አገኘ። ደስታው ግን ሙሉ አልሆነም። አቶ ይልማ ጆሯቸው ስለማይሰማ በስልክ መነጋገር የለም። በዚያ ላይ ቀደም ሲል አንድ አጭበርባሪ "ገብረመድኅን ነኝ፣ ለንደን ነው ያለሁት" የሚል መልእክት እየላከ አታሏቸዋል። ስለዚህ ለልጃቸው ቁርጡን ተናገሩ፤ ገብረመድኅን በሕይወት ካለ በእጁ ይጻፍልኝ፣ ጽሕፈቱን ካላየሁ የለም ብዬ እቀመጣለሁ አሉ። ልጁ ይህን ሲያስተላልፍ፣ አባቴ አልጋ ከያዘ ቆይቷልና ቶሎ ቢሆን ጥሩ ነው ብሎ ጨመረበት።

እንግዲህ በእጅህ ጻፍ የተባሉት እጃቸው እምቢ ያላቸው ሰው ናቸው። ሆኖም ጋሽ ገብረመድኅን ዘዴ አግኝተው ነበር። ከቁም ሳጥን የብስኩት ጣሳ አውጥተው ከፈቱና አንድ ፍሎፒ ዲስክ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ያን ጊዜ፣ እጃቸው ደህና ሳለ፣ ለኮሚኒቲው ጋዜጣ ብለው የገዛ ጽሕፈታቸውን አንድ በአንድ ስለው ኮምፒውተር የሚጽፍበት የፊደል ቅርጽ፣ ፎንት የሚሉትን፣ አድርገውት ኖሯል። ዓመት ሙሉ ፈጅቶባቸዋል።

"ይኸውልህ እጄ። አንተ በኮምፒውተርህ ጻፈው፣ በኔ እጅ ይውጣ" አሉኝ።

ቀላል ነው አልኩ። ላያዘልቁ ጸሎት ለቅስፈት የሚባለውን አውቀዋለሁ፤ ግን ተረት የሚታወሰኝ ሁልጊዜ ቃል ከገባሁ በኋላ ነው።

ፍሎፒ የሚያነብ ዕቃ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ አገኘሁ። ፎንቱን ላፕቶፔ ላይ ጭኜ "ሰላም" ብዬ ስጽፍ ሦስት ባዶ ሳጥን ወጣ። ሳጥኖቹን አየኋቸው፣ እነሱም አዩኝ። ኢንተርኔት ላይ ስጠይቅ ነገሩ ገባኝ። በዚያ ዘመን የኛ ፊደል በኮምፒውተር ዓለም የራሱ አድራሻ አልነበረውም። ስለዚህ ፎንት የሚሠሩ ሐበሾች ፊደሎቻችንን በእንግሊዝኛ ፊደሎች ቤት በደባልነት አስገቧቸው። በኋላ ፊደላችን የራሱን አድራሻ አገኘ፤ የጋሽ ገብረመድኅን ፊደሎች ግን ማንም ሳይነግራቸው ብስኩት ጣሳ ውስጥ ደባል እንደሆኑ ቀሩ። የኔ ሥራ ከነጓዛቸው ወደየራሳቸው ቤት ማዛወር ነበር። ለንደን ውስጥ ቤት የቀየረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ለዚህ ሥራ የሚሆኑት መሣሪያዎች ደግሞ ሥዕል የላቸውም፣ የሚጫኑት ነገር የላቸውም። አንድ ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ ይፈጽማል። ሲሳካ ምንም አይልም፤ የሚናገረው ስትሳሳት ብቻ ነው። አባቴም እንደዚሁ ስለነበር ቶሎ ተግባባን። ባለቤቴ አልማዝ ከሥራ ስትገባ ከጥቁሩ መስኮት ፊት አፍጥጬ አገኘችኝና ጫማዋን ሳታወልቅ ምን እየሰረቅክ ነው ብላ ጠየቀችኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ፎንቱን ሳይነካ ስለ ራሱ የሚያናግር ትእዛዝ ነው። ስሙን፣ የተሠራበትን ጊዜ፣ ስንት ፊደል እንዳለበት ዘረዘረልኝ። ባለቤት በሚለው ቦታ የጋሽ ገብረመድኅን ስም ነበር። ከሥሩ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፤ "ይህን የሰረቀ፣ የፋቀ፣ የቆረጠ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን።" የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚሰፍረውን ግዝት ሰውየው ፎንት ውስጥ ከተውታል። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። እኔ ልሠራ የተነሣሁት መፋቅና መቁረጥ አይደል? ወዲያው ደወልኩላቸው። ትንሽ ካሰቡ በኋላ፣ ለአንተ ብቻ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ፣ እስከ ገና ድረስ ፈትቼሃለሁ አሉኝ። እንደ ቪዛ ቀነ ገደብ ያለው ፍታት ስቀበል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀጥሎ ቲቲኤክስ የሚባል መሣሪያ አገኘሁ። ይህ ደግሞ ፎንቱን እንደ ሹራብ ተርትሮ ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ አስተካክለህ ስትሰጠው መልሶ ይሸምነዋል። ተተርትሮ ሳየው ሥራዬን ረሳሁት። እያንዳንዱ ፊደል የነጥብ ዝርዝር ነው፤ ይህን ያህል ወደ ጎን፣ ይህን ያህል ወደ ላይ። የጋሽ ገብረመድኅን ሀ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ናት። ሀን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳውቃት ይህን ነግራኝ አታውቅም። ጠ ላይ ቸኩለዋል፣ ነጥቦቹ ጥቂት ናቸው። ቀ ላይ ታግሠው ዙሪያውን በልክ በልክ አስቀምጠውታል። ፐ አንገቷ ላይ ቦታዋን የሳተች አንዲት ነጥብ አለች። ስለሷ ብጠይቃቸው፣ እሷን ስስል ስልክ ጮኸ፣ እጄ ሸተት አለ፣ ከዚያ ወደድኳትና ተውኳት አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዌምብሊ ስመለስ ባቡር ውስጥ የማስበው ስለ ነጥብ ነበር። አንድ ቀን ደጋፊዎቹን በተቃራኒው በር ሰድጄ አለቃዬ አስጠንቅቆኛል።

የነጥቡን መዓት በመሐል አንዴ ለማተም በቅቻለሁ። ሳላስበው ነው። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ያለው ማተሚያ ቤት ባለቤቱ የኮሎምቢያ ሰው ነው። አንዲት የሙከራ ገጽ ልስጠው ብዬ የተተረተረውን ፋይል ሰጥቼው ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ እስከ ክርኔ የሚደርስ ወረቀት ተቆልሏል፤ ሁሉም ቁጥር ነው። ሰውየው ዝቅ ባለ ድምፅ የግብር ጣጣ ገጥሞህ ነው ወይ አለኝ። የእጅ ጽሕፈት ነው ብዬ መለስኩለት፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም። ወረቀቱን መጣል ስላሳዘነኝ ተሸክሜ ጋሽ ገብረመድኅን ቤት አኖርኩት፤ ጀርባው ንጹሕ ነበር።

በመጨረሻ ፊደሎቹን ወደየቤታቸው ማስገባት ጀመርኩ። ሁለት መቶ ሠላሳ ምናምን ፊደል በጅ ከማዛወር ብዬ፣ በተርታ እየቆጠረ የሚያስገባ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ፤ ሰባት፤ ቀጣዩ ረድፍ። ጥቁሩ መስኮት ምንም አላለም። ማለት ተሳክቷል። ፎንቱን ጭኜ ላፕቶፑን ለጋሽ ገብረመድኅን ወሰድኩና "ሰላም" ብዬ ፊታቸው ጻፍኩ። በራሳቸው ውብ ጽሕፈት "ሶሌሡ" የሚል ወጣ።

ጋሽ ገብረመድኅን መነጽራቸውን አስተካክለው በክብር አነበቡት። "ሶሌሡ የማን ልጅ ነው?" አሉኝ።

ጥፋቱ የኔም የየኔታም ነው። እኛ ፊደል የቆጠርነው በሰባት ነው። አድራሻውን ያወጡት ሰዎች ግን እንደ ሏ ያሉት እንዳይቀሩ ብለው ለእያንዳንዱ ረድፍ ስምንት በር ሠርተዋል። እኔ ሰባት ሰባት እየቆጠርኩ ሳስገባ ሀ ቤቷ ገባች፤ ለ አንድ በር ሳተች፣ ሐ ሁለት፣ መ ሦስት፣ እንዲህ እያለ ፐ ጋ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ የማያውቀው ሰው አልጋ ላይ ተኝቷል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉንም ለቅሜ አስወጣሁና በስምንት አስገባኋቸው።

አሁን ሰላም ሰላም ሆነ። ጋሽ ገብረመድኅን ደብዳቤውን በቃላቸው አስጻፉኝ፣ አተምኩት፣ ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር። ይህ ውሸት ነው አሉኝ።

አስረዱኝ። አቶ ይልማ የሰው ጽሕፈት ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰማንያ ያለፈው ሰው እንዲህ ቀጥ ያለ ጽሕፈት አይጽፍም፤ ደግሞም እዚህ ገጽ ላይ ያሉት ላዎች ሁሉ አንድ ናቸው፣ መንትያ እንኳ እንዲህ አይመሳሰልም። ይልማ ሌላ አጭበርባሪ መጣ ብሎ ይቀደዋል አሉ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ።

"ይህ መሣሪያህ ማንቀጥቀጥ ይችላል?"

ይችላል። ነጥብ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ላይ ትንሽ መደመር፣ ትንሽ መቀነስ ነው። ነጥቦቹን ሁሉ በዘፈቀደ የሚገፋ ትእዛዝ ጻፍኩ። በሁለት መቶ ስገፋቸው ፊደሉ የተረገጠ የጉንዳን ሰልፍ መሰለ። በአምስት ስገፋቸው ምንም ለውጥ የለም። በአርባ ስገፋቸው ፊደሉ ሁሉ እሾህ አበቀለ። ጋሽ ገብረመድኅን ቅር አላቸው። የኔ እጅ ሰክሮ አያውቅም አሉ፤ እጅ ይወዛወዛል እንጂ አይወጋም አሉ። በቀጣዩ ቅዳሜ በቀስታ የሚያወዛውዝ ትእዛዝ ይዤ መጣሁ፤ ይህ ደግሞ በጀልባ ላይ የተጻፈ ሆነ። ላዎቹ እንዳይመሳሰሉ ብዬ አምስት ዓይነት መንቀጥቀጥ አዘጋጅቼ በየመስመሩ አፈራረቅኋቸው። አሁንም አይደለም፣ ይህ ብርድ የመታው ሰው ነው አሉኝ። የጎደለው ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ መናገሩ ግን ከበደኝ። በመጨረሻ ተነፈስኩት።

"ጋሼ፣ ልኩን ካላየሁ ከየት አመጣዋለሁ? አንዲት ሀ ብቻ ይጻፉልኝ።"

ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም፤ ቢሆንም ተነሥተው በሩን ዘጉት። ብዕሩን ከመሳቢያው አወጡ፤ ከዚያ ከቁጥሩ ክምር አንድ ወረቀት ስበው ገለበጡት። ሀ ለመጻፍ የፈጀባቸውን ጊዜ አልቆጠርኩም፤ ዓይኔን መስኮቱ ላይ ተክዬ ነበር። ሲጨርሱ ወረቀቱን ገፋ አደረጉልኝ። ልቤ ተነካ፤ ግን የኮምፒውተር ሰው ነኝና አጎንብሼ በማስመሪያ ለካሁ።

አንዲት ሀ አልበቃችም። መንቀጥቀጡ ቃል መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ ቃል መጨረሻ ላይ ሌላ። አንድ ቃል ጻፉልኝ። ቃሉም አልበቃ፣ መስመር አስፈለገ። ምን ልጻፍ ቢሉኝ ከታተመው ጋር እንድናስተያየው ያንኑ ደብዳቤ ይጻፉ አልኩ። እዚህ ላይ ነው መምህርነታቸው የተነሣው። የራሳቸውን እጅ እንደ ተማሪ ደብተር መመርመር ጀመሩ። ወደ ታች ስስብ ይብሳል፣ ስዞር ይቀላል፣ ሁለተኛው መስመር ላይ እጄ ይሞቃል፣ ይህን ጻፍ፣ ይህን ለመሣሪያህ ንገረው ይሉኛል። እኔ እጽፋለሁ፣ አንቀጠቅጣለሁ፣ አትማለሁ፤ እሳቸው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር በእጃቸው ይጽፋሉ፣ ጎን ለጎን አድርገን እንከራከራለን። አንድ ገጽ አልጥም ሲላቸው ደግመው ይጽፉታል። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። በመካከሉ የአቶ ይልማ ልጅ ደውሎ ደብዳቤው የት ደረሰ ብሏል፤ ጋሽ ገብረመድኅን ቴክኒካል ጉዳይ አለ ብለው መለሱለት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልዩነቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። እኔ ራሴ የቱ የእጅ የቱ የኮምፒውተር እንደሆነ ለመለየት ወረቀቱን ገልብጬ ቁጥር መኖሩን ቼክ አደርግ ነበር። አልማዝ ገበያ ልንወጣ ቀጠሮ ስለነበረን ልትወስደኝ መጣች። እኔና ጋሽ ገብረመድኅን የረ እግር መንቀጥቀጡ ትንሽ በዝቶበታል አልበዛበትም እያልን ነው። እሷ ኮቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ላይ በተርታ ያሉትን ወረቀቶች ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ቆማ አነበበች።

"ጋሼ፣ ደብዳቤው ደስ ይላል። ለምን አልላካችሁትም?" አለች።

ጋሽ ገብረመድኅን ገና የረ እግር አልተስተካከለም አሏት።

"እሱን አይደለም። ይሄን በእጅዎ የጻፉትን። ከሰላምታው እስከ ፊርማው አለ እኮ።"

ጠረጴዛውን አየሁ። ጋሽ ገብረመድኅንም አዩ። አራት ገጽ ነው። ሰላምታው አለ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አለ፣ የሞቱት ጓደኞች ስም አለ፣ ይቅርታው አለ፣ ፊርማው አለ። ሁለት የፊደል ሰዎች ለሦስት ቅዳሜ አጎንብሰን ስንለካው የከረምነው ነገር ደብዳቤ መሆኑ አልታየንም። አፈርኩ። እሳቸው ምን እንደተሰማቸው አላውቅም፤ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው የማያውቁት ሰው ይመስል አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ ፖስታ አለሽ ወይ ብለው አልማዝን ጠየቋት። አድራሻውንም ራሳቸው ጻፉ። በንጹሕ ወረቀት እንገልብጠው ብላቸው እምቢ አሉ፤ ደብዳቤው ጀርባው ላይ የሺህ ነጥብ ቁጥር ተሸክሞ ሄደ።

መልሱ ከጥምቀት በኋላ ደረሰ። ጋሽ ገብረመድኅን ሳይከፍቱት ጠሩኝ። ምናልባት ፈርተው ይሆናል። ከፈትኩላቸው። አቶ ይልማ አልጋ ላይ ሆነው እንደጻፉት ያስታውቃል፤ መስመሩ ወደ ታች ያዘነብላል፣ አንዳንዱ ቃል ከወረቀቱ ሊወድቅ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሰላምታ በፊት፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ተማሪ ደብተር ላይ እንደሚጻፈው፣ እንዲህ ይላል፤

"ጽሕፈትህ በጣም ከፍቷል። አንተው ነህ።"

ጋሽ ገብረመድኅን ይህን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ተቆረጠና መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጥቂት ቆይቼ ያ ፎንት አሁን ምን ይደረግ፣ የረ እግር እኮ ቀርቶናል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጨርሰው ወይ አልኳቸው። ወረቀት ወደ ራሳቸው እየሳቡ ነበር።

"ኮምፒውተርህን ይዘህ ሂድ ልጄ፤ ሥራ አለብኝ" አሉኝ።